ከሞተሩ የወረዱት ኦሪጅናል ዕቃዎች፦ የተሸጠውና ቆጥ ላይ የቀረው

ጥቅምት 2017፤ ከመፍታት በፊት

ሞተሩ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ የተገዛ ያማሃ ኤክስ.ቲ.ዜድ 125 ሞተር ብስክሌት ነው። ከጎማዎቹና ከግራው ስፖኪዮ በቀር ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ዕቃ ሁሉ በላዩ ላይ ነበር። የሚሠራው ደሴ ከተማ ውስጥ በኮብልስቶን፣ ወደ ኩታበር በኩል ሲወጣ በአቧራና በጭቃ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ደግሞ በሐረጎ ጠመዝማዛ አስፋልት ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህ ልዩነት በ25 ኪሎ ሜትር አካባቢ መንገድ ውስጥ ስለሚያልቅ፣ ሞተሩ ሲወጣ ጉልበት ያጥረዋል፣ ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል። ሊለወጡ የታሰቡት ዕቃዎችም ከዚህ የመነጩ ናቸው፦ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) እና የአየር ማጣሪያ፣ ማርሚታ (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ቧንቧ)፣ የኋላ ሾክ፣ ፒኞን (ሰንሰለቱን የሚነዳው የፊቱ ትንሽ ባለ ጥርስ ክብ)፣ የፊት ፍሬን ቱቦና መብራት።

ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሚሠራው መካኒኬ ዝርዝሩን አይቶ፣ «አብሽር፣ የወረደውን እየሸጥክ ግማሹን ወጪ ታወጣለህ» አለኝ። አባባሉ መሠረት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ተነሥቷል። አዲሱ ኦሪጅናል ሲወደድ ያገለገለውም አብሮት ይወደዳል፤ ብዙ ገዢ አዲስ ቅጂ ከሚገዛ ያገለገለ የጃፓን ዕቃ ይመርጣል። ይሁን እንጂ ዋጋው ገና እየወጣ ከሆነ ዛሬ ለመሸጥ የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ነገ መልሼ ልግዛው ብል ደግሞ የሸጥሁበትን ዋጋ አላገኘውም። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ የገባው ዕቃ ሐረጎን ወርዶና ወጥቶ፣ አንድ ክረምትም አሳልፎ ሳይታይ የወረደው አይሸጥም። ደንቡ ለሁሉም ዕቃ እንደማይሠራ ከታች ይታያል።

ኅዳር፤ ካርቡሬተርና የአየር ማጣሪያ

የገባው ፒ.ዜድ 27 የሚባለው የቻይና ካርቡሬተር ከራሱ መገጣጠሚያ ጋር ሲሆን 3,800 ብር ተከፍሎበታል። ከእሱ ጋር ሾጣጣው ክፍት ማጣሪያ በ700 ብር ተገዛ። የኦሪጅናሉን ማጣሪያ ሳጥን ለማውጣት የጎኑን ሽፋንና ባትሪውን ማንሣት ስለሚጠይቅ ከካርቡሬተሩ ይልቅ ጊዜ የፈጀው እሱ ነው።

ኦሪጅናሉ ካርቡሬተር ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ፣ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ የነበረ ሌላ ደንበኛ 5,000 ብር እሰጣለሁ አለ። ያገለገለው ከአዲሱ በላይ ዋጋ ሲቀርብለት ማየት ያጓጓል፤ መካኒኬም በዓይኑ ይጠቅሰኝ ነበር። አልተሸጠም።

ከሳምንት በኋላ ካንዴላው (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ሲወጣ ጥላሸት የለበሰ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ ለቆላ ተብሎ የተመጠነ ጄት (የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ባለ ቀዳዳ ትንሽ የናስ ብሎን) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ከካርቶኑ የወጣው ጄት 105 ቁጥር ነበር። ወደ 100፣ ከዚያም ወደ 95 ሲወርድ ጥላሸቱ ጠፋና ካንዴላው ቡናማ ሆነ። ኮምቦልቻ ላይ ግፊቱ ወደ 80 ከመቶ ስለሚጠጋ ያው 95 ትንሽ ቤንዚን ያሳንሳል፤ ሆኖም ሞተሩ አልጋለም፣ አልተንተከተከም። ጄቶቹ ለየብቻ 150 ብር ነበሩ። የጄት ቁጥር በየፋብሪካው የአለካክ ስልት ይለያያልና የአንዱ 95 ከሌላው 95 ጋር እኩል ነው ብሎ መግዛት አይገባም።

የኦሪጅናሉ አቀማመጥ፦ የታችኛው ሳሕን ብሎን ተፈትቶ ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ፈሰሰ። ቤንዚን ውስጡ ከተተወ ሲተን ሙጫ የመሰለ ነገር ትቶ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ «ኦሪጅናል ነው» ተብለው ተሸጠው ከማይሠሩት ካርቡሬተሮች ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው። ከዚያ በአየር ተነፍቶ፣ የብረት ክፍሎቹ በቀጭኑ ዘይት ታብሰው፣ ላስቲኮቹ ግን ዘይት ሳይነካቸው በፕላስቲክ ከረጢት ታሰረ። የተፈቱት ብሎኖች፣ የመገጣጠሚያው ጎማና ክላምፖቹ እዚያው ከረጢት ገቡ። ከረጢቱ ላይ የወረደበት ወርና በዚያን ጊዜ ቆጣሪው ያነበበው ኪሎ ሜትር ተጻፈ።

ታኅሣሥ፤ ማርሚታ

አዲሱ ማርሚታ አጭርና ቀላል ሲሆን 5,500 ብር ወጥቶበታል። ሲገጠም አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ኦሪጅናሉን የሚይዘው የሻንሲው (የሞተሩ የብረት አጽም) ጆሮ አዲሱን ስለሚያጣብበው፣ «በፍሌክስ እንቁረጠውና ይለቅ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔ አልተስማማሁም። ጆሮው ከተቆረጠ ኦሪጅናሉ ማርሚታ ለዚህ ሞተር መመለሻ የሌለው ዕቃ ይሆናል፣ ማስቀመጥም ትርጉም ያጣል። በምትኩ ከ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ማስተላለፊያ ተሠርቶ በነባሩ ቀዳዳ ታሰረ፤ ብየዳውን ጨምሮ 400 ብር ጨረሰ። ኦሪጅናል ዕቃ አስቀምጣለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠብቀው ዕቃው የሚገባበትን ቦታ ነው። ሻንሲ ከተበሳ ወይም የሽቦ ሶኬት ከተቆረጠ በኋላ ቆጥ ላይ ያለው ዕቃ ለሌላ ሰው ሞተር የተቀመጠ ነው።

ድምፁ ጨምሯል፤ ጉልበቱ ግን በእጅ የሚዳሰስ ለውጥ አላሳየም። ሙጋድ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶች በሁለተኛው ቀን አስተያየታቸውን ሰጥተዋል።

ኦሪጅናሉን ከማውረድ በፊት ሞተሩ በደንብ እስኪግል ተነድቷል። ምክንያቱም ማርሚታ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ከጭሱ አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ብረቱን ከውስጥ ስለሚበላው ነው፤ ከውጭ ቀለሙ እያበራ ከውስጥ የተበሳሳ ማርሚታ የሚገኘው እንዲህ ነው። ከዚያ ሁለቱም አፎቹ በጨርቅና በፕላስተር ተዘግተው፣ አይጥ እንዳይገባባቸው ተደርጎ፣ መሬት ሳይነካ ተሰቀለ። የሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገባው የመዳብ ቀለበት አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ በደንብ ስለማይዘጋ ተጥሏል።

ጥር፤ ፒኞንና የፍሬን ቱቦ

እዚህ ላይ ደንቡ ፈረሰ።

የወረደው ፒኞን ባለ 14 ጥርስ፣ የገባው ባለ 13 ነው። ሞተሩ በተመሳሳይ ፍጥነት 8 ከመቶ ገደማ አብልጦ እንዲዞር ስለሚያደርገው ከኮምቦልቻ ሲወጣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ የነበረው መተንፈስ ቀረ፤ ሜዳ ላይ ግን አራተኛው ቶሎ ያልቃል። ዋጋው 650 ብር ነበር። የወረደው ፒኞን ጥርሶቹ ወደ አንድ ወገን ተቆልምመዋል። ኦሪጅናል ጃፓን መሆኑ ጽሑፉ ላይ ይታያል፤ ገዢም አይጠፋለትም። ነገር ግን ያለቀ ፒኞን አዲስ ሰንሰለት ላይ ሲገባ ሰንሰለቱን ይዞት ያልቃልና ለሰው የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ለቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ሄደ።

የፍሬኑ ቱቦ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ኦሪጅናሉ የጎማ ቱቦ ሲጎበጥ ቀጫጭን ስንጥቆች ያሳያል። በ1,600 ብር የተገዛው በብረት ክር የተጠለፈው ስለሆነ ሲጨበጥ አያብጥም። የፍሬኑ ዘይትም በዚያው ከዶት 3 ወደ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃዎች ናቸው) ተለወጠ፤ አዲስና ውሃ ያልገባው ዶት 3 በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ ዶት 4 በ230 ነው፣ ሐረጎን ከጭነት ጋር ለሚወርድ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የወረደው ቱቦ በመሐሉ በመጋዝ ተቆርጦ ተጣለ። ያልተቆረጠ ቱቦ ቆሻሻ ላይ ቢጣል አንድ ሰው አንሥቶ፣ ጠርጎ፣ «ኦሪጅናል» ብሎ ይሸጠዋል፤ ይህ ግምት አይደለም፣ ሲደረግ የታየ ነው። ያገለገለ የፍሬን ላስቲክ ለማንም መሸጥ፣ ገዢው አውቆ እንኳ ቢገዛ፣ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ደንቡ ተሻሽሎ በሁለት ተከፈለ። ብረትና አልሙኒየም የሆነው ይቆያል፣ ይፈተናል፣ ከዚያ ይወሰናል። ላስቲክ፣ ባትሪ፣ ጎማና የሚያልቅ ነገር ሁሉ ግን መደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥር ስለሚያረጅ፣ ወይ ወዲያው ለሚጠቀምበት ይሰጣል ወይ ይጣላል።

የካቲት፤ የኋላ ሾክ

ትልቁ ወጪ ይህ ነበር፤ ጋዝ ያለውና ጥንካሬው የሚስተካከለው ሾክ 9,000 ብር ፈጅቷል። ርዝመቱ ከኦሪጅናሉ 10 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ የታችኛው ቡሽ (ብሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት) ቀዳዳ ደግሞ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። የነበረው ምርጫ ወፍራም ብሎን ለማስገባት ሾኩ የሚታሰርበትን ቀዳዳ ማስፋት ወይም ቡሹን ማጥበብ ነው። ታኅሣሥ ላይ ስለ ማርሚታው በተባለው ምክንያት ቀዳዳው አልተነካም። አራዳ ያለ ቶርኖ ቤት ከብረት ቧንቧ ትንሽ እጅጌ ቆርጦ በ350 ብር አስገባው። ቶርኖው መጀመሪያ በካሊፐር ሳይሆን በዓይን ለክቶ ስለነበር የመጀመሪያው እጅጌ ላላ፤ ሁለተኛው በመዶሻ እየተመታ የሚገባ ሆኖ ተስተካከለ። የተጨመረው ርዝመት የጎን መቆሚያውን አሳጥሮታል፤ ሞተሩ ሲቆም ቀጥ ማለቱን ትቶ ከሚገባው በላይ ወደ ግራ ይጋደማል፣ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ይህ ያሰጋል። ከመቆሚያው እግር በታች የላሜራ ቁራጭ ተበይዶ ተስተካክሏል።

የወረደው ሾክ ዘይት አያፈስም፣ የክሮም ዘንጉም ዝገት የለበትም። ተጠርጎ፣ ዘንጉ ግራሶ ተቀብቶ፣ ቆሞ ተቀመጠ። አንድ ወዳጄ ስፕሪንጉን ቀይ ቀለም ብትቀባው ይወደድልሃል ብሎ ነበር። ከሻጮች ጋር ስነጋገር ግን የተገላቢጦሹን ነው የተረዳሁት፤ ያገለገለ ዕቃ አዲስ ቀለም ከተቀባ ገዢው ዝገት ተሸፍኗል ወይም ዕቃው ተጋጭቷል ብሎ ይጠረጥራል። የፋብሪካው ቀለም፣ ቢጫጫርም፣ ምስክር ነው።

ሚያዝያ፤ መብራት

በሁለት ቢጫ ተጨማሪ መብራቶች 1,900 ብር፣ በኤል.ኢ.ዲ ፍሬቻዎች 800 ብር ወጥቷል። ፍሬቻዎቹ እንደተገጠሙ እንደ አበደ ሰዓት ይቆጥሩ ጀመር። ኦሪጅናሉ የፍሬቻ ሪሌ (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ) በአምፖሎቹ ጭነት ላይ ተመሥርቶ የሚሠራ ስለሆነ፣ ኤል.ኢ.ዲ የሚስበው ጥቂት ኤሌክትሪክ አምፖል የተቃጠለ ያስመስልበታል። በ250 ብር ለኤል.ኢ.ዲ የተሠራ ሪሌ ገባና ቆጠራው ተስተካከለ። ኦሪጅናሉ ሪሌና ኦሪጅናሎቹ ፍሬቻዎች በአንድ ከረጢት ውስጥ መቆየት አለባቸው። ፍሬቻውን ለብቻው ሸጦ ሪሌውን ያስቀረ ሰው ለራሱም የማይረባ ዕቃ ይዞ ይቀራል።

የትኛውም ሽቦ አልተቆረጠም። ወንድና ሴት ሶኬቶች ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ተገዝተው በመካከል ገቡ፤ ዋጋቸው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም፣ ግን ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። የፊት ትልቁ መብራት ኦሪጅናሉ እንዳለ ቀርቷል። ለፈትል አምፖል የተሠራ አንጸባራቂ ውስጥ ኤል.ኢ.ዲ ሲገባ ብርሃኑ ስለሚበታተን ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል፣ በሐረጎ ጉም ውስጥም ነጭ ግድግዳ ይሠራል እንጂ መንገድ አያሳይም።

ሰኔ፤ ዓመታዊ ምርመራ

ለቦሎ ከመቅረብ በፊት ኦሪጅናሉ ማርሚታና ኦሪጅናሎቹ ፍሬቻዎች ተመለሱ። ሊብሬው ላይ የሰፈሩት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ስላልተነኩ በዚያ በኩል ጥያቄ አልነበረም። መርማሪው ያየው መብራት፣ ፍሬን፣ ክላክስና ስፖኪዮ ነው፤ በድምፅ በኩል ሞተሩ አፉን ዘግቶ አለፈ። ጆሮው ስላልተቆረጠ ማርሚታውን መመለስ የአንድ ከሰዓት ሥራ ብቻ ሆነ፤ የወጣው አዲስ የመዳብ ቀለበት ብቻ ነው። ከምርመራው በኋላ ኤል.ኢ.ዲ ፍሬቻዎቹ ተመልሰው ገቡ፤ አጭሩ ማርሚታም መመለስ ነበረበት፤ ሆኖም ሞተሩ ከኦሪጅናሉ ጋር ዝቅተኛ ዙር ላይ የተሻለ እንደሚጎትት በግልጽ ስለታየ እንዳለ ተተወ። ጎረቤቶችም ደግሞ ሰላምታቸው ሞቅ ብሏል።

ነሐሴ፤ ክረምቱ የፈረደው

ክፍቱ ማጣሪያ አልቻለም። በበጋው አቧራ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይጠይቅ ነበር፤ በክረምቱ ደግሞ ከኋላ ጎማ የሚረጨው ጭቃማ ውሃ ደረሰበትና ሞተሩ ኩታበር መንገድ ላይ ጠፋ። ኦሪጅናሉ ሳጥን አየር የሚስበው ከኮርቻው ሥር፣ ደረቅ ከሆነው ቦታ ነው፤ ስፖንጁም ዘይት ተነክሮ ስለሚሠራ ደቃቁን አቧራ ይይዛል። ሳጥኑ ሲመለስ ከቅጂው ካርቡሬተር አፍ ጋር አልገጥም አለ፤ ስለዚህ ኦሪጅናሉም ካርቡሬተር አብሮ ተመለሰ። ከረጢቱ ሲፈታ ብሎኖቹ፣ ክላምፖቹና ጎማው ሁሉ ስለነበሩ ምንም አልተፈለገም፣ ሞተሩም በጥቂት ረገጣ ተነሣ። ኅዳር ላይ በ5,000 ብር ተሸጦ ቢሆን ኖሮ አዲሱን ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ መፈለግና የዚያን ዋጋ እጥፍ ማውጣት ሊያስፈልግ ነበር።

የተሸጠው የገባው ዕቃ ነው። ፒ.ዜድ 27 ከሦስቱም ጄቶች ጋር በ2,300 ብር ሲሄድ፣ ደሴ ላይ በየትኛው ጄት እንደሠራ ለገዢው ተነግሮታል። አጭሩ ማርሚታ ከላሜራ ማስተላለፊያው ጋር 3,500 ብር አወጣ። ክፍቱን ማጣሪያ የጠየቀ የለም።

መስከረም 2018፤ ሾኩ

አዲሱ ሾክ ክረምቱን ያለ ዘይት መፍሰስ ስላለፈና ሁለት ሰው ተጭኖበት ሐረጎን ሲወርድ የኋላ ጎማው መዝለሉን ስላቆመ፣ ኦሪጅናሉን ማቆየት ምክንያት አጣ። ሾክ ውስጡ ዘይትና «ሲል» (ዘይቱን የሚያግተው የላስቲክ ቀለበት) ያለበት ዕቃ ነው፤ ሳይሠራ በቆመ ቁጥር ሲሉ እየደረቀ ስለሚሄድ እንደ ማርሚታ ለዓመታት የሚቀመጥ አይደለም።

ዋጋው በቴሌግራም ከነፎቶው ወጣ፦ 6,500 ብር፤ የወረደበት ኪሎ ሜትር፣ የዘንጉ ቅርብ ፎቶ፣ ጽሑፉና ከላይና ከታች ያሉት ቡሾች ሁኔታ ተገለጸ። የታችኛው ቡሽ ጥቂት ጨዋታ እንዳለው አብሮ ተጽፏል። አንድ ደላላ ቀድሞ ደውሎ 3,500 አለ፣ ኮሚሽኑንም ጨምሮ መሆኑ ነው። ትክክለኛው ገዢ ከኮምቦልቻ የደወለ፣ ያው ዓይነት ሞተር ያለው ሰው ነበር። «ወንድሜ፣ የማን ሞተር ላይ እንደነበር ወረቀት ይኖርሃል?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው አላስከፋኝም፤ ምንጩ የማይታወቅ ያገለገለ ዕቃ የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና ይህን የማይጠይቅ ገዢ ነው የሚያሳስበው። የጨረታው ደረሰኝና የሊብሬው ኮፒ ታየለት። ሾኩን ኮምቦልቻ አውርጄለት፣ በመሬት ላይ ተጭኖ ዘንጉ በዝግታ ሲመለስ አይቶ፣ በ5,200 ብር ተስማማን፤ በቴሌብር ከፈለ። ከነብሎኖቹ መሆኑን ሲያይ ብሎን ፍለጋ አንድ ቀን እንዳተረፍሁለት ተናገረ፤ እነዚያን ብሎኖች ለብቻቸው ለመግዛት ቢሞከር ልካቸው ቶሎ አይገኝም።

አሁን ቆጡ ላይ የቀሩት ኦሪጅናል ፍሬቻዎችና ሪሌው ብቻ ናቸው፤ እነሱም እስከሚቀጥለው ምርመራ አይነኩም። የፍሬቻዎቹ የጎማ አንገት እየደረቀ እንዳይሰነጠቅ ከመስኮቱ ፀሐይ ወደ ጥላ ተዛውረዋል። ባለ 13 ፒኞኑ ጥርሱ መሾል ስለጀመረ የሚቀጥለው ሥራ ኮሮናውን (የኋላውን ትልቅ ባለ ጥርስ ክብ) እና ሰንሰለቱን ጨምሮ ሦስቱን በአንድ ላይ መለወጥ ነው፤ የሚወርዱት ሦስቱም በቀጥታ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ይሄዳሉ።